ፎቶ አንሺ ፎቶ ሲነካካ ቢገኝ ጋዜጣው ምን ያድርግ? (የውስጥ መመሪያ እያረቀቅን ነው)

አርታኢ_ሳምንታዊ

ሰላም ለዚህ ቤት። ለአንድ ሳምንታዊ የአማርኛ ጋዜጣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ የፎቶ መመሪያ እያረቀቅን ነው። ሁለት ቋሚ ፎቶ አንሺዎች፣ አምስት ስድስት ፍሪላንሰሮችና አንድ ዲዛይነር አሉ፤ የፎቶ አርታኢ የሚባል ሰው የለም። ፎቶ በቴሌግራም ይገባል፣ ካፕሽኑን (ከፎቶው ሥር የሚገባውን ጽሑፍ) አብዛኛውን ጊዜ ዘጋቢው ይጽፈዋል፣ ገጽ የሚዘጋው ሐሙስ ማታ ነው።

እስካሁን ያለን «ፎቶ ማጭበርበር በጥብቅ የተከለከለ ነው» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ማጭበርበር የተከለከለ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ጭቅጭቁ ማጭበርበር የሚባለው የቱ ነው የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቅ። ድንበሩ የት ላይ ይሰመር? ከኅትመት በፊት አንድ ሰው በግማሽ ሰዓት ምን ምን መፈተሽ ይችላል? ከታተመ በኋላ ከተደረሰበትስ፣ ሰውየውን ማሰናበት ይበቃል ወይስ የድሮ ሥራዎቹም መነሳት አለባቸው? የውጭ ጋዜጦች ልምድ ቢነሳ ደስ ይለኛል፤ እኛ ቤት በሚሠራ ልክ ይሁን እንጂ።


ጨለማ_ክፍል

ድንበሩን «ፎቶሾፕ ነክቶታል፣ አልነካውም» ብላችሁ አታስምሩት። የሚታተም ፎቶ ሁሉ በሆነ ሶፍትዌር ያልፋል። የሚያዋጣው መለያ ይህ ነው፦ ብርሃኑ ይስተካከላል፣ ፍሬሙ ውስጥ ያለው ነገር ግን አይነካም። የዜና ወኪሎቹ አሶሺየትድ ፕሬስም ሮይተርስም ረጅም መመሪያቸውን ሲያሳጥሩት እዚሁ ይደርሳሉ። መከርከም፣ የተንጋደደውን ማቅናት፣ የጨለመውን በመጠኑ ማፍካት፣ የቀለም ሚዛን ማስተካከል፣ ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር ይቻላል። መጨመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ከቦታ ማንቀሳቀስ አይቻልም። የሰው ፊትም ሆነ የመብራት ገመድ ወይም መሬት ላይ የወደቀ የውኃ ላስቲክ፣ ሕጉ አንድ ነው። «ትንሽ ነገር ናት» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ቦታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሶሺየትድ ፕሬስ ከናርሲሶ ኮንትሬራስ ጋር የተለያየው ከአንድ የሶርያ ፎቶ ጥግ የባልደረባውን ቪዲዮ ካሜራ ስላጠፋ ነው። ካሜራዋ ከዜናው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራትም።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፣ እሱም የሴንሰር (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አቧራ ነው። ሌንስ ሲቀየር የገባ አቧራ ሰማይ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 16 አካባቢ ሲጠብ በደንብ ይታያል። ሮይተርስ ክሎን ስታምፕን (ከፎቶው አንዱን ቦታ ቀድቶ ሌላው ላይ የሚለጥፈውን መሣሪያ) የሚፈቅደው ለዚች ብቻ ነው። ታዲያ ሰበብ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2006 ላይ የሮይተርሱ ፍሪላንሰር አድናን ሀጅ ቤይሩት ላይ ያነሳውን የቦምብ ጭስ አባዝቶ ሲገኝ የሰጠው ምክንያት አቧራ እያጠፋሁ ነበር የሚል ነው። ጭሱ ላይ ያው ቅርጽ ደጋግሞ ይታይ ነበር። እንዲህ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሴንሰር ላይ የተቀመጠ አቧራ ከፊትና ከኋላ ባሉት ፍሬሞችም ላይ እዚያው ቦታ ይገኛል። ካሜራው ዞሮ ሌላ ነገር ቢያነሳም ነጥቧ ከፍሬሙ ጥግ ያላት ርቀት አይቀየርም። ሌሎቹ ላይ ከሌለች አቧራ አልነበረችም።

ብርሃን ማስተካከልም ቢሆን ልክ አለው። ሻርሎት ኦብዘርቨር ይሠራ የነበረው ፓትሪክ ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ2003 ሽልማቶቹ የተነጠቁት ዳራውን ከልክ በላይ በማጥቆሩ ነው፤ በ2006 ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ፎቶ ላይ የሰማዩን ቀለም ቀይሮ ሥራውን አጣ። እኔ ብሆን መመሪያው ላይ እንዲህ ብዬ እጽፈዋለሁ፦ «ኦርጅናሉ ላይ የሚታይ ሰው ወይም ዕቃ በማጥቆር ወይም በማንጣት ምክንያት የማይታይ ከሆነ ተሰርዟል ማለት ነው።» ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው የዜና ፎቶ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጨረሻው በፊት ያለው ዙር ላይ የደረሱትን ሥራዎች ከኦርጅናል ፋይላቸው ጋር ሲያስተያይ ከመቶ 20 ያህሉ ወድቀውበታል። ለሽልማት የታጩ ባለሙያዎች እንዲህ ከሆኑ የእናንተ ሁለት ልጆች ድንበሩን በደመ ነፍስ ያውቁታል ብላችሁ አትገምቱ።

ዲዛይነሩንም አትርሱት። ናሽናል ጂኦግራፊክ የየካቲት 1982 (እ.ኤ.አ.) ሽፋኑ ላይ የጊዛን ፒራሚዶች ያቀራረባቸው አግድም የተነሳው ፎቶ ለቋሚው ሽፋን አልገባ ስላለ ነው፤ ሥራው የተሠራው መጽሔቱ ቤት ውስጥ እንጂ ፎቶ አንሺው እጅ ላይ አልነበረም። በኛ ጋዜጦች ደግሞ የታወቀው በሽታ መገልበጥ ነው። ሰውየው ወደ ጽሑፉ «እንዲያይ» ፎቶው እንደ መስታወት ይዞራል። ከዚያ የሸሚዙ ቁልፍ ወደ ሴት አቆላለፍ ይሄዳል፣ ሰዓቱ ቀኝ እጁ ላይ ይገባል፣ የመኪናው መሪ በቀኝ ይሆናል፣ ከኋላ ያለው የሱቅ ጽሑፍም የማይነበብ አማርኛ ይሆናል። ይህ በምንም ምክንያት አይፈቀድም ብላችሁ በስሙ ጻፉት።


ቁርጥ

ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? የዋሸ ይሰናበት። ፎቶ አንሺው ብሪያን ዋልስኪ ኢራቅ ውስጥ ባስራ አጠገብ ያነሳቸውን ሁለት ፎቶዎች አንድ አድርጎ ላከ፤ ሎስ አንጀለስ ታይምስ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2003 አተመው፣ በማግሥቱ አባረረው። ጦርነት ሜዳ ላይ መሆኑ እንኳ አላዳነውም። አለቀ።


ሐሙስ_ማታ

ወንድም ቁርጥ፣ ማባረሩ ላይ ሌሎች ይመልሱልህ። እኔ ወደ ፍተሻው ልሂድ፤ ምክንያቱም ዋልስኪን የያዘው ታይምስ አልነበረም። እዚያው ኩባንያ ሥር ያለው ሃርትፎርድ ኩራንት ፎቶውን ትልቅ አድርጎ ፊት ገጽ ላይ አወጣው፤ ያኔ ነው የቤቱ ሠራተኛ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ሁለት ሁለት ጊዜ መታየታቸውን ያስተዋለው። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ነፃ ነው፦ የፊት ገጽ ፎቶን ስክሪን ላይ መቶ በመቶ ከፍታችሁ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች በዝግታ ሂዱበት። ስልክ ላይ ታይቶ «ቆንጆ ነው» የተባለ ፎቶ አልተፈተሸም።

አሁን ወደ ቴሌግራም፤ የእናንተ ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነው። ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ ሜታዳታውንም (ፋይሉ ውስጥ ተመዝግቦ የሚቀመጠውን እንደ ሰዓትና የካሜራ ሞዴል ያለ መረጃ) ይገፈዋል። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚሰጠው 6000 በ4000 ፒክስል ነው፤ በተለመደው አላላክ እናንተ ጋ ሲደርስ 1280 በ853 ሆኗል። ክፋቱ ለጋዜጣ መብቃቱ ነው። በ200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 200 ነጥብ) 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፣ ዲዛይነሩ ቅር አይለውም፣ ስለዚህ ኦርጅናሉን የሚጠይቅ ሰው የለም። ማስረጃው ግን መንገድ ላይ ቀርቷል። «ፎቶ የሚላከው እንደ ፋይል ብቻ ነው» የምትል አንድ መስመር ብዙ ነገር ትፈታለች። 1280 ፒክስል የሆነ ፎቶ ሲገባ ገጹ ላይ ባዶ ሣጥን ይቀመጥ፤ ሣጥኑ የሚሞላው ኦርጅናሉ ሲመጣ ነው።

ቀጥሎ፣ ብቻውን የመጣ ፎቶ አትቀበሉ። የተመረጠው ከፊቱና ከኋላው ካሉት ሦስት ሦስት ፍሬሞች ጋር፣ ሳይነካካ ይላክ። 4512 ከተመረጠ ከ4509 እስከ 4515 ማለት ነው። ሁለት ፎቶ የተገጣጠመበት ሥራ እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ በዋልስኪ ፎቶ ወታደሩ እጁን የዘረጋበት ፍሬም ላይ ሕፃን የታቀፈው ሰው የቆመው ሌላ ቦታ ነዋ። ቁጥር መዝለል ብቻውን ግን ወንጀል አይደለም። ብዙ ፎቶ አንሺ የከሸፈውን እዚያው ካሜራው ላይ ይሰርዛል፤ ቁጥሩም 9999 ሲሞላ ወደ 0001 ይመለሳል።

ሜታዳታ ለማየት ኤግዚፍቱል የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። ማየት ያለባችሁ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት፣ የካሜራውን ሞዴልና የፋይሉን ስፋት ነው። «ፎቶሾፕ» የሚል ቃል ስታዩ አትደንግጡ፤ ብርሃን ያስተካከለ ሁሉ ይተወዋል። እኛ አገር ላይ ግን ማንም የውጭ መመሪያ የማይነግራችሁ ወጥመድ አለ። ካሜራው በአገር ሰዓት የተሞላ ከሆነ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የተነሳው 03:00 ብሎ ይመዘግባል፤ ለፈረንጅ አቆጣጠር ይህ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው፣ ፎቶው ላይ ግን ፀሐይ ወጥታለች። ልዩነቱ ልክ ስድስት ሰዓት ከሆነ የሰዓት አሞላል እንጂ ማጭበርበር አይደለም። ዓመቱንም በኛ አቆጣጠር የሚሞላ አለ፤ ያኔ ፎቶው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል። ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ካሜራውን አስመጥታችሁ ሰዓቱን ተመልከቱ።

በጎግል ሌንስ ወይም በያንዴክስ ስትፈልጉ ፎቶውን ገልብጣችሁም ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቢቢሲ ብራዚል ያጋለጠው ኤድዋርዶ ማርቲንስ የተባለ «የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺ» የሌሎችን ፎቶ በመስታወት አዙሮ የራሱ ያደርግ ነበር፤ ፍለጋው እንዳይደርስበት ማለት ነው። ሰውየውን በአካል ያየው አርታኢ አልነበረም። አዲስ ፍሪላንሰር ሲመጣ ከክፍያ በፊት የአሥር ደቂቃ የቪዲዮ ጥሪና ሃያ ያልተነካኩ ፍሬሞች ጠይቁ።

ኢንተርኔት ላይ ፎቶ ሲያስገቡለት ቀለም የሚቀባውን የኤረር ሌቭል ምርመራ አትመኑት። ፋይሉ ጥቂት ጊዜ ሴቭ በመደረጉ ብቻ ያበራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ወርልድ ፕሬስ ፎቶን ያሸነፈው የፖል ሃንሰን የጋዛ ቀብር ፎቶ እንዲህ ባለ ምርመራ «የተገጣጠመ ነው» ተባለ፤ ባለሙያዎች ጥሬ ፋይሉን (ካሜራው መጀመሪያ የመዘገበውን) ከታተመው ጋር ሲያመሳክሩ ብርሃኑና ቀለሙ እንጂ ይዘቱ አልተነካም። ክርክር የሚዘጋው ጥሬ ፋይል ነው።

ይህን ሁሉ እትሙ ላይ ላለው ፎቶ ሁሉ አታደርጉትም፣ አትችሉምም። ለፊት ገጹ፣ ግጭትና አደጋ ላለበት፣ ከመጠን በላይ ላማረው አድርጉት። እውነትና ንጋት እያደር ቢጠራም ጋዜጣው ሐሙስ ማታ ማተሚያ ቤት ይገባል።


መዝገብ_ቤት

ቁርጥ የጠቀሱት ታሪክ አልተሟላም። ታይምስ ሰውየውን ካሰናበተ በኋላ ኤፕሪል 2 ላይ ማብራሪያ አወጣ፤ ሁለቱን ኦርጅናሎችና የተገጣጠመውን አብሮ አተማቸው። አንባቢው ምን እንደተታለለ በዓይኑ አየ። ከመባረሩ ይልቅ መማር ያለብን ከዚህ ነው። ጋዜጣው ሰው አባሮ ለአንባቢ ምንም ካላሳየ ያጸዳው የራሱን ስም እንጂ የተሳሳተውን አንባቢ አይደለም።

ጥርጣሬ ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ ማስቀመጥ ነው፤ ማጥፋት አይደለም። ፋይሉ በደረሰበት መልኩ፣ የቴሌግራሙ መልእክት፣ የታተመው ገጽ ፒዲኤፍ አንድ ፎልደር ውስጥ ይግቡ፤ የፋይሉ ሻ-256 ቁጥር (ፋይሉ በጥቂቱ እንኳ ቢነካ የሚቀየር መለያ) ተወስዶ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ፤ በኋላ «እናንተ ናችሁ የቀየራችሁት» የሚል ቢመጣ መልሱ እሱ ነው። ድረ ገጹ ላይ ፎቶው ይነሳ፣ በቦታው «ይህ ፎቶ በመጣራት ላይ በመሆኑ ተነሥቷል» የሚል ጽሑፍ ከነቀኑ ይግባ። ድምፅ ሳያሰሙ ማጥፋት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ስክሪንሾት ያለው አንባቢ መቼም አይጠፋም። ፎቶውን የተዋሳችሁት ወይም የሸጣችሁለት ሚዲያ ካለ በዚያው ቀን በጽሑፍ ይነገረው።

ከዚያ ወደ ፎቶ አንሺው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ፋይሉ መጀመሪያ፣ ጥያቄው በኋላ። «ነካክተኸዋል ወይ?» ብሎ የጀመረ አርታኢ የካሜራው ሚሞሪ ካርድ ፎርማት ሆኖ (ተጠርጎ) ያገኘዋል። ሁለት ሰው ባለበት ካርዱ ወይም ሙሉው የዕለቱ ፎልደር ይገለበጥ፣ ይፈረምበት፣ ከዚያ ይጠየቅ። የተሰረዘ ፋይል ብዙ ጊዜ በማስመለሻ ሶፍትዌር ይወጣል፤ ግን ካርዱ ላይ ሌላ ፎቶ ከተነሳበት ዕድሉ ይጠብባል፣ ስለዚህ ካርዱ ሥራ ላይ እንዳይመለስ።

ቀጥሎ የድሮ ሥራዎቹ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኦሃዮ ውስጥ የሚታተመው ቶሌዶ ብሌድ ፎቶ አንሺው አለን ዴትሪክ ከባነር ሥር ይታዩ የነበሩ የአንድ ሰው እግሮች አጥፍቶ ተያዘ። የተያዘውም እዚያው ቆመው የነበሩ የሌሎች ጋዜጦች ፎቶ አንሺዎች ያንኑ ቦታ ከነእግሮቹ ስላተሙ ነው። ለግል የሠራሁት በስህተት ተላከ አለ። ጋዜጣው በዚህ አላበቃም፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ ያስገባቸውን 947 ፎቶዎች መረመረ፣ 79 የተነካኩ አገኘ። በኮንትሬራስ ጉዳይ ግን አሶሺየትድ ፕሬስ 500 የሚጠጉ ፎቶዎቹን መርምሮ ሌላ አንድም አላገኘም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩዋቸው። የመጀመሪያው ልማድ ነው፣ ሁለተኛው ነጠላ ጥፋት፤ ይህን ልዩነት ምርመራው ካልተካሄደ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ቅጣቱ ከምርመራው በፊት ከተወሰነ ደግሞ ምርመራውን የሚሠራው ሰው አይኖርም፤ ሁሉም «ተባረረ አይደል እንዴ?» ይላል።

ለእናንተ ስሌቱ ከባድ አይደለም። በእትም 20 ፎቶ ቢሆን የሦስት ወር 13 እትም 260 ፎቶ ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ብትሰጡ 13 ሰዓት፣ ማለትም የአንድ ሰው የሁለት ቀን ሥራ ነው። አንድ እንኳ ከተገኘ ወደ አንድ ዓመት ይስፋ። ይህ የሚቻለው ግን ኦርጅናሎቹ ካሉ ነው፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የየእትሙን ያልተነካ ፋይል በሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ።

ስለ ማኅደር፦ ሮይተርስ የሀጅን 920 ፎቶዎች በሙሉ ከገበያ አነሣ፣ አሶሺየትድ ፕሬስም የኮንትሬራስን ከሕዝብ ማኅደሩ እንደሚያነሣ አስታወቀ። የዜና ወኪል እንዲህ ቢያደርግ ይገባኛል፤ ደንበኛው ፎቶውን ወስዶ ሲያትመው ማስጠንቀቂያው አብሮት አይሄድም። ለጋዜጣ ግን አልደግፈውም። ንፁህ ሆነው የተገኙ ፎቶዎች የአገር ታሪክ ናቸው፤ የተነካካውም ቢሆን ሜታዳታው ላይ «የተነካካ፣ ዳግም አይታተም» ተብሎ ይቀመጥ እንጂ አይጥፋ።

ዴስኩም ይጠየቃል። በሀጅ ጉዳይ ሮይተርስ አንድ የፎቶ አርታኢም አሰናብቷል። ጭሱን ያሳለፈ ዓይን ነበረና።

የመጨረሻ፦ ቋሚ ሠራተኛ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27ን ከጠበቃችሁ ጋር አንብቡት። ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት አሠሪው ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ካልተጠቀሙበት ያልፋል፤ ምርመራው መንቀራፈፍ የለበትም። መመሪያው ሳይፈረምበት የቀረ ፎቶ አንሺ «አልተነገረኝም» ቢል ደግሞ ግማሽ እውነት አለው። ፍሪላንሰሩ ጋ ይህ ሁሉ ውሉ ላይ መግባት አለበት፤ ኦርጅናል ማስረከብ፣ የተነካካ ሆኖ ከተገኘ ክፍያ አለመኖሩ፣ ስሙ እርማቱ ላይ መውጣቱ።


ቁርጥ

ልክ ነው፣ የኤፕሪል 2ቱን ዘልዬዋለሁ። ያም ሆኖ 79 ፎቶ የነካካ ሰው ይሰናበት በሚለው ላይ ማንም አይከራከረኝም።


አርታኢ_ሳምንታዊ

ወርቅ መልስ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት የቀሩ። ግማሽ ያህሉ ፎቶ ከየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት የሚላክ ነው፤ ኦርጅናል ብንጠይቅ ማን ይሰጠናል? ሌላው፣ ዲዛይነሩ ከቴሌግራም የመጣ ደብዛዛ ፎቶን በሰው ሠራሽ አስተውሎት «ጥራት» እየጨመረ ያስገባል። ይሄስ?


ካፕሽን_ይነበብ

ሁለተኛው አጭር ነው፤ ለዜና ፎቶ ይከልከል። ሶፍትዌሩ የጎደለውን ዝርዝር ከፎቶው ውስጥ አያገኘውም፣ ይፈጥረዋል። ከርቀት የተነሳ የሰልፈኛ ፊት ላይ የሌለ ሰው ፊት ይሥላል፤ አማርኛ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ያስቀምጣል። ባነሩን ካነበባችሁት ወዲያው ታዩታላችሁ። ዳራ የሚያስረዝመውም እንዲሁ ነው፤ ፒራሚዶቹን ያቀራረበው ችግር ነው ስሙን ቀይሮ የመጣው። ዘጋቢ በስልኩ ሲያነሳ ቆዳ የሚያለሰልሰው ሞድና ዳራ የሚያደበዝዘው ፖርትሬት ሞድ ይጥፋ። ፎቶው ደብዛዛ ከሆነ አንድ ዓምድ ላይ ትንሽ አድርጋችሁ አውጡት።

የሕዝብ ግንኙነቱ ከበድ ይላል። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2024 ከኬንሲንግተን ቤተ መንግሥት የወጣውን የዌልስ ልዕልትና የልጆቿን ፎቶ አሶሺየትድ ፕሬስ፣ ሮይተርስ፣ ኤኤፍፒና ጌቲ ካሠራጩት በኋላ የልጅቷ እጅጌ ላይ መዛባት ስላገኙ በዚያው ዕለት አነሡት። ቤተ መንግሥት ስለላከው አልታለፈም። የእናንተ መመሪያ እንዲህ ይበል፦ ከተቋም የመጣ ፎቶ ክሬዲቱ ላይ የተቋሙ ስም ይጻፋል፣ «ፎቶ፦ ከድርጅቱ የተላከ» ተብሎ። የራሳችሁ ፎቶ አንሺ ስም ወይም የጋዜጣው ስም በፍጹም አይለጠፍበትም። እናንተ ባልነበራችሁበት ቦታ እንደነበራችሁ መምሰል ራሱ ውሸት ነው፣ በየሳምንቱም የሚታተም።

እንዲያውም ሁላችሁም ፎቶሾፕ ላይ ስትረባረቡ አየሁና ልናገር። በኛ ጋዜጦች ላይ አንባቢን ይበልጥ የሚያሳስተው ካፕሽን ነው። ዘንድሮ ስለዘነበው ዝናብ ዜና ላይ የዛሬ ሦስት ዓመት ጎርፍ ይወጣል፤ ፎቶው አልተነካም፣ ፎቶ አንሺውም አልዋሸም፣ ገጹ ግን ዋሽቷል። «ከማኅደር» የሚለው ቃል የተነሳበት ዓመትና ቦታ ካልተጨመረበት ሰበብ ነው፤ «ከማኅደር፦ አቃቂ፣ ሐምሌ 2014» ተብሎ ይጻፍ። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የጆቫኒ ትሮይሎን ሽልማት የነጠቀው ቻርልሯ የተባለችውን የቤልጅየም ከተማ ያሳያል በተባለው ሥራ ውስጥ አንዱ ፎቶ ብራስልስ፣ ሞለንቤክ የተነሳ ሆኖ በመገኘቱ ነው። አንድ የቦታ ስም።

ስለዚህ ካፕሽኑን የሚጽፈው ቦታው ላይ የነበረው ሰው ይሁን። ፎቶ አንሺው ከፋይሉ ጋር አራት ነገር በድምፅም ቢሆን ይላክ፦ ማን (ስም ከነአባት ስም)፣ የት (ቀበሌ ወይም ሰፈር ድረስ)፣ መቼ፣ እና ሰዎቹ ለካሜራ የቆሙ መሆን አለመሆናቸውን። አራተኛዋን ማንም አይጠይቅም። የፊርማ ሥነ ሥርዓት ላይ «እስቲ በድጋሚ ተጨባበጡልኝ» ማለት የታወቀ ነው፤ አንባቢም ያውቀዋል፣ ችግር የለውም። ተፈናቃይ እናትን «ወደዚያ ዞር ብለሽ እጅሽን ግንባርሽ ላይ አድርጊ» ማለት ግን ድራማ ነው። እንዲህ የተነሳ ፎቶ ዜና ገጽ ላይ አይገባም፤ የግለሰብ ታሪክ ላይ ከገባም ካፕሽኑ «ለፎቶ ስትቆም» ይበል።

እርማቱን በሚመለከት፣ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የእርማትና የመልስ መብት የሚጠይቃችሁ ሰው እስኪመጣ አትጠብቁ። ስህተቱ ፊት ገጽ ላይ ከነበረ እርማቱም ፊት ገጽ ላይ ይጀምር። አጻጻፉም ቁርጥ ያለ ይሁን። «ባለፈው እትማችን በተፈጠረ የቴክኒክ ችግር ምክንያት ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለው ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳደረገው፣ የቱ ፎቶ እንደሆነ አይናገርም። ለምሳሌ ያህል ከምናብ፦

«በኅዳር 12 እትማችን ገጽ 1 ላይ የወጣው የገበያ ቃጠሎ ፎቶ ከመታተሙ በፊት ተነካክቷል። በግራ በኩል ያለው ጭስ ከዚያው ፎቶ ተቀድቶ የተጨመረ ነው፤ በቦታው የነበረው ጭስ ከታተመው ያነሰ ነው። ለውጡን ያደረገው ፎቶውን ያነሳው ባለሙያ ነው፤ ዝግጅት ክፍላችንም ኦርጅናሉን ሳይጠይቅ አትሞታል። ኦርጅናሉን ከዚህ በታች አትመነዋል። ላለፉት ሦስት ወራት የወጡትን የባለሙያውን ፎቶዎች እየመረመርን ነው፤ ውጤቱን በታኅሣሥ 3 እትም እናሳውቃለን።»

ቀን ቆርጣችሁ ከጻፋችሁ በዚያ ቀን አውጡት። ምንም ባይገኝም «260 ፎቶ መረመርን፣ ሌላ አልተገኘም» ብላችሁ አውጡት፤ ለፎቶ አንሺውም ፍትሕ ነው።


አርታኢ_ሳምንታዊ

«ለፎቶ ስትቆም» መመሪያው ውስጥ ገብታለች። ስለ አዳዲሶቹ ፊርማ የሚያኖሩ ካሜራዎችስ? ብንገዛ ይህን ሁሉ ያስቀርልናል የሚል ሐሳብ ቀርቧል።


ሐሙስ_ማታ

አያስቀርላችሁም። ላይካ ኤም 11-ፒ የተባለው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ኮንቴንት ክሬደንሻልስ የሚባለውን ዲጂታል ፊርማ ፋይሉ ላይ በማኖር የመጀመሪያው ነበር፤ ፊርማው ፋይሉ ከካሜራው ከወጣ በኋላ መነካት አለመነካቱን ይናገራል። ካሜራው ፊት የቆመው ነገር እውነት ይሁን ድራማ ግን አያውቅም፤ ካፕሽንም አያነብም። ኒኮንም እ.ኤ.አ. በ2025 የፊርማ አገልግሎቱን ያቋረጠው በመልቲፕል ኤክስፖዠር (ፎቶዎችን ካሜራው ውስጥ በማደራረብ) መንገድ የሌላ ፋይል ላይ ፊርማ ማስቀመጥ እንደሚቻል ስለታየ ነው። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከተላከ ደግሞ ፊርማው ከሜታዳታው ጋር አብሮ ይገፈፋል።

ገንዘቡን ለሃርድ ዲስክ አውሉት። ሰዓቱን በነፃ ማስተካከል ይቻላል፦ ሁሉም ፎቶ አንሺ ሰኞ ጠዋት የስልኩን ሰዓት ስክሪን በካሜራው አንድ ጊዜ ያንሳው። ካሜራው ስንት ደቂቃ እንደሚዛነፍ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደተሞላም፣ ያቺ ፍሬም ላይ ተጽፎ ይገኛል።